የጀልባዋ አፍንጫ

በዚያች ጀልባ ላይ የሚገድል ነገር ሁሉ ስሙ መድኃኒት ነበር። ሽንት ቤቱን የሚያነጣው በረኪና መድኃኒት ነው። ቧንቧው ላይ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት የሚበላው አሲድ መድኃኒት ነው። ቀለም የሚያሟሟው አኳራጅ፣ ዝገት የሚያስለቅቀው፣ በረሮ የሚፈጀው፣ ሁሉም መድኃኒት። «ያንን መድኃኒት አቀብለኝ» ይላል አንዱ። «የትኛውን?» ይላል ሌላው። «ያንን ነዋ!» ይባላል፤ ይቀበላል። እንዲህ እየተግባቡ ሐይቁን ሲመላለሱበት የኖሩ ሰዎች እስካሁን በሕይወት መገኘታቸው የአንድ ሰው ውለታ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የአንድ ሰው አፍንጫ ውለታ ነው።

ሰውየውን «አፍንጫው» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከታናሽ እህቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም ብትሆን «ጋሼ» ነው የምትለው። ሥራው የእቃ ቤት ጠባቂነት ነው። እቃ ቤት የተባለችው ከጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ ሥር የተሸጎጠች፣ መስኮት የሌላት፣ ሰው ወገቡን ሳያጥፍ የማይገባባት ጉድጓድ ናት። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ደህንነት ይቅደም» ተብሎ ተጽፏል። ደህንነት በእርግጥ ቀድሟል፤ ከቀደመ በኋላ ግን የት እንደደረሰ ያየው የለም።

ውስጧ የተደረደረው የውሃ ፕላስቲክ ነው። ተሳፋሪ ጠጥቶ የጣለው ባዶ ጠርሙስ ሁሉ እዚያ ይገባና መድኃኒት ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ወረቀት የለው፣ ምልክት የለው። ፋብሪካው ግን መድኃኒቱን ራቁቱን አልላከውም ነበር። የመጣው በወፍራም ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ በጥርስ የማይከፈት፣ ጎኑ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈ፣ የራስ ቅል የተሣለበት፣ «ከዚህ ጋር አትቀላቅል፣ ከዚያ ጋር አታስጠጋ» የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት። የጀሪካኑ ጥፋት ማማሩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ወፍራም ጀሪካን ንብረት ነው፤ አልጋ ከሌለው ሰው ይልቅ ጀሪካን ለሌለው ይታዘንለታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ውሃ ፕላስቲክ ይገለበጣል፤ ጀሪካኑ ታጥቦ ወደ ቤት ይሄዳል። ነጩ የበረኪና ጀሪካን ካፒቴኑ ቤት ነው። የአኳራጁ መካኒኩ ቤት ነው። ሰማያዊው የአሲድ ጀሪካን ደግሞ አፍንጫው ራሱ ቤት በር ሥር ቆሞ የመጠጥ ውሃ ይይዛል። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው እንግዲህ፦ ውሃው በመርዝ እቃ፣ መርዙ በውሃ እቃ።

ይህን ሁሉ የተሸከመው ያ አፍንጫ ነው። ጠርሙስ ይቀርብለታል። ክዳኑን ይፈታል፣ በእጁ እያራገበ ሽታውን ወደ ራሱ ይጠራዋል፣ «አሲድ» ይላል። ሌላ ይመጣል፤ «አኳራጅ፣ ያውም የከረመ»። ሌላ ይመጣል፤ «ይሄ ውሃ ነው፣ ጠጡት»። አይሳሳትም ነበር። ድሮ ተሳፋሪው ሳይቀር ከቦ ያየው ነበር፤ ካፒቴኑም እንደ ሰርከስ ባለቤት ደረቱን ነፍቶ «የእኛ ጀልባ ወረቀት አያስፈልጋትም፤ አፍንጫ አላት!» ይል ነበር። ወረቀት ላለመለጠፍ የሰው አፍንጫ መለጠፍ! ይህም በስብሰባ ላይ አርአያነት ያለው ተሞክሮ ተብሎ ተጨብጭቦለታል።

አፍንጫው ግን ሞቷል።

መቼ እንደሞተ የተሸከመው ሰው ራሱ አያውቅ። መስኮት በሌላት ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜ ልኩን መርዝ ሲምግ የኖረ አፍንጫ ነው፤ እንደ አሮጌ አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል ከረመና በዚያው ጠፋ። መጀመሪያ የናፍታው ሽታ ከዳው፤ ከዚያ የሳሙናው፤ ከዚያ የሐይቁ ጭቃ። ማረጋገጫው የመጣው ቤቱ ነው። ሚስቱ ድስት ጥዳ ጎረቤት ደረስ ብላ ስትመለስ፣ ድስቱ አሮ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን በእርጋታ ሲሰፋ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ! ድስቱ ሲያር አይሸትህም?»

«እህ… ምን እንደሆነ እያጣራሁ ነበር።»

«ሰፈሩ ሁሉ አጣርቶ ጨረሰ እኮ! አንተ ምን ቀረህ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ መርፌው ግን እጁ ላይ ቀረ።

ለማንም አልተናገረም። የቀድሞው ገመድ ያዥ ወገቡን ባመመው ጊዜ ካፒቴኑ ያለውን አልረሳም፦ «ጀልባ መጦሪያ ቤት አይደለችም»። ሰውየው ያን ዕለት እንደወረደ አልተመለሰም። አፍንጫው ቢወርድ ደግሞ ብቻውን አይወርድም። እህቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ከባሏ ቤት ወጥታ እሱ ጓሮ ካረፈች በኋላ፣ የጀልባዋን ሽንት ቤት የማጽዳት ሥራ ያገኘችው «የአፍንጫው እህት ናት» ተብላ ነው። አፍንጫ ከሌለ የአፍንጫ እህት ምን ልትሆን ነው?

ስለዚህ ተዋናይ ሆነ። ጠርሙሱን ያነሳል፣ ዓይኑን ይከድናል፣ በረጅሙ ይስባል፣ ያሰላስላል። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ አሁን አሳመረው። የሚያውቀው ግን በቦታ ነው፤ አሲዱን በግራ፣ በረኪናውን በቀኝ፣ አኳራጁን ከኋላ እያደረገ። አፍንጫው ውስጥ የቀረው ቁንጥጫ ብቻ ነው። ሽታው ይሙት እንጂ የሚያቃጥለው ያቃጥለዋል። አሲድ ይቆነጥጣል፤ በረኪናም ይቆነጥጣል። ማን እንደቆነጠጠው ግን ቁንጥጫው አይነግረውም።

በዚህ ላይ ደክሞታል። ሥራው አይደለም ያደከመው፤ የሚያውቅ መምሰሉ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያሸት ሰው ፊት ሲሠራ ውሎ ቤቱ ሲገባ ጉንጩን ያመዋል። ሚስቱ «ምነው ዛሬስ ዝም አልክ?» ስትለው «ፊቴን እያሳረፍኩ ነው» ይላታል፤ እሷም ቀልዱን ቀልድ አድርጋ ትወስደዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት የደህንነት ኃላፊ ይመጣል ተባለ። ጀልባዋ ተንጫጫች። ካፒቴኑ በቁልፍ ከተዘጋው የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ጓንቶቹን አወጣ። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ጓንቶች ናቸው፤ ሁሉም የግራ እጅ።

«ካፒቴን፣ ቀኙስ?» አለ መካኒኩ። እሱን ግራሶ ነው የሚሉት፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አብሮት የተወለደ ይመስላል።

«ቀኝ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ደግሞ እቃ ቤቷን አየኋት፣ ቆሻሻ መጣያ መስላለች። ሰው እንዳያዋርደን አስተካክላት።»

ግራሶ አስተካከላት። ጠርሙሶቹን በሙሉ አውጥቶ፣ ወልውሎ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ በቁመት ደረደራቸው፤ አጫጭሮቹን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ። ካፒቴኑ አጎንብሶ አይቶ «ደህንነት እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። አፍንጫው ወደቡ ላይ ጭነት ሲያስወርድ ቆይቶ ሲመለስ፣ ግራው የለም፣ ቀኙ የለም። በሩ ላይ ቆሞ ጠርሙሶቹን አያቸው። እነሱም አዩት።

እህቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መጣች።

«ጋሼ፣ መድኃኒት ጨምርልኝ።»

«የትኛውን?»

«በረኪናውን ነዋ። የነበረኝን ሁሉ አፍስሼዋለሁ፤ እንኳን ሊነጣ ጭራሽ ሳቀብኝ። ያ ቅርፊት የካፒቴኑን ፊት ነው የሚመስለው፤ ቢፈገፍጉት አይለቅ።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! ሽንት ቤቱን እሱም ይገባበት የለ?»

አጎንብሶ ገባ። በረኪናው ብጫ ብጤ ነው፤ አሲዱም ብጫ ብጤ ነው። አንዱን ጠርሙስ አነሳ፣ ነቀነቀው፤ ምንም አልነገረውም። ወደ በሩ ወጥቶ መሬት ካለው የቆርቆሮ ባልዲ በላይ ይዞ ክዳኑን ፈታ፤ ትንሽ ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠብ አለ። ሳበው። ቆነጠጠው።

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ይበቃ ነበር። ከባድ ቃል አይደለም፤ አፉን የፈታ ሕፃን ይለዋል። ነገር ግን ካፒቴኑ ከጀርባው ቆሟል፤ እህቱ እጇን ዘርግታለች፤ ግራሶ በግራ ጓንቱ ጭኑን እየመታ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሰውዬው ደረሰ» ይላል። እሱ ደግሞ ደክሞታል። የደከመው ሰው አፉ ላይ የሚቀርበውን ነው የሚናገረው።

«በረኪና» አለ።

«አፍንጫው ካለ አለቀ!» አለ ካፒቴኑ።

እህቱ ወስዳው በጠባቧ መሰላል ወረደች። ሽንት ቤቱ ከታች ነው፤ እሱም መስኮት የለውም። ይህችን ጀልባ የሠራት ሰው ከመስኮት ጋር ምን ጠብ እንደነበረው እንጃ።

ኃላፊው ከች አለ፤ ጫማው የሚያበራ፣ ብብቱ በራሪ ወረቀት የታቀፈ። ለሁሉም አደላቸውና ጉሮሮውን ጠረገ። «የኬሚካል አደጋ የሚመነጨው ከግንዛቤ እጥረት ነው። እኛ ዛሬ ግንዛቤ ይዘን መጥተናል።» ግንዛቤው በሁለት ቀለም የታተመ ነበር። እቃ ቤቷን ከፍተው አሳዩት። በቁመት የተሰለፉትን ጠርሙሶች ሲያይ ፊቱ በራ።

«ድንቅ አደረጃጀት! የመጠጥ ውሃ ነው?»

«መድኃኒት ነው» አለ ካፒቴኑ።

«የመጀመሪያ እርዳታ! ግሩም፣ ግሩም» አለ ኃላፊው።

አፍንጫው አልሰማቸውም። ዓይኑ ባልዲው ላይ ነበር። ጠብ ያለበት የባልዲው ጠርዝ እየፈላ ነው። ደቃቅ አረፋ፣ ትሽሽ እያለ፣ ቆርቆሮውን እየላሰ። በረኪና ቆርቆሮ ላይ እንዲህ አይፈላም። ይህን ለማየት አፍንጫ አያስፈልግም።

«የነበረኝን ሁሉ አፍስሼዋለሁ» ያለችው ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። በረኪናው ቀድሞ ሽንት ቤቱ ውስጥ ተኝቷል። አሁን በላዩ ላይ አሲድ ሊወርድበት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ የሚወልዱት ጢስ ሳንባ የሚበላ ነው።

«እቱ!» ብሎ ጮኸ። «አታፍስሺው! ውጪ! ውጪ!»

ካፒቴኑ ክንዱን ለቀም አደረገው። «ምን ሆንክ? እንግዳ ፊት!»

«አሲድ ነው የሰጠኋት!»

«በረኪና ነው ብለህ የለም እንዴ?»

«አይሸተኝም! አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል! ልቀቀኝ!»

ከታች ሳል ተሰማ፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ሳል። ይህን ጊዜ ኃላፊው ግንዛቤውን ወለሉ ላይ በትኖ በመወጣጫው ሳንቃ ተፈተለከ። ያን ቀን ደህንነት በእውነት ቀደመ፤ ከሁሉም በፊት ወደቡ ላይ ቆሞ ተገኘ።

አፍንጫው ትንፋሹን ውጦ ወረደ። እህቱ ደፉ ላይ ተንበርክካለች፤ ጠርሙሱ ከእጇ አልወጣም፣ ግማሹ ፈሷል። ከጀርባዋ አረንጓዴ የመሰለ ጢስ መሬት መሬቱን እየተሳበ ይመጣል። በብብቷ ገብቶ አነሳት። ዓይኑ ነደደ፣ ጉሮሮው ተጠቀለለ። ምንም የማይሸተው ሰው እንደ ማንም ተቃጠለ። ግራሶ ከላይ በሆዱ ተኝቶ ሁለቱንም እጆቿን ያዘና ጎተታት፤ የግራ ጓንቱን አውልቆ ጥሎት ነበር። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወስደው አስቀመጧት። ዓይኗን መግለጥ አቃታት።

«ውሃ! ዓይኗን እጠቡላት!» አለ ካፒቴኑ።

ግራሶ ሮጦ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። እህቱ እየሳለች፣ እንደጨፈነች፣ እጁን በክንዷ ገፋችው።

«ማን ነው… ያሸተተው?»

ጀልባዋ በጠርሙስ ጢም ብላ ነበር፤ አንዱንም የሚያምን አልነበረም። አፍንጫው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ነጥቆ በሆዱ ተኛና ከሐይቁ ቀዳ። ፊቷ ላይ አፈሰሰው። ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ አፈሰሰ። ክንዱ ሲዝል በሌላው ቀዳ።

ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ተረኛዋ ሐኪም «ምንድነው ያገኛት?» ብላ ጠየቀች።

«መድኃኒት» አለ ግራሶ እያለከለከ።

«ምን መድኃኒት ነው የወሰደችው? ማን ነው ያዘዘላት?»

ግራሶ «ካፒቴኑ» ሊል ትንሽ ነው የቀረው።

«መርዝ ነው» አለ አፍንጫው። ድምፁ የተፈጨ ነበር። «በረኪናና አሲድ ተቀላቅሎ፣ ጢሱን ስባዋለች። የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር መሮጥ ጀመረች። አንድ ነገር በስሙ ሲጠራ ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ግራሶ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየ።

ተረፈች። ድምፅዋ ግን ሻክሮ ቀረ፤ ደረጃ ስትወጣም ቆም ትላለች። ገና አልጋ ላይ ሳለች ካፒቴኑ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣና ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ጋሽ አፍንጫው፣ መቼም ምን ይደረጋል» አለ ካፒቴኑ ብርቱካኑን ራሱ እየላጠ። «ሰው ይሞታል፣ አፍንጫም ይሞታል። አላባርርህም፤ ገመድ ትይዛለህ። ግን ጀልባዋ ያለ አፍንጫ አትሄድም። አሰብኩበት፤ ነገሩ ከዘር ነው የሚመጣው። እህትህ ደህና ስትሆን እሷ ታሽትት።»

አፍንጫው ከግድግዳው ተነቀለ። እህቱ ግን ቀደመችው።

«ካፒቴን፣ አፍንጫዬን አላከራይም።»

«ሥራውን ትተሻል ማለት ነዋ?»

«ሥራዬ ማጽዳት ነው። አጸዳለሁ። ማሽተት የውሻ ሥራ ነው፤ ውሻ ይቅጠሩ።»

«አንተ፣ ምከራት እንጂ!»

አፍንጫው እህቱን አየ። የደረቀ ከንፈሯን፣ የቀላ ዓይኗን። «መክራኛለች» አለ።

ቤቱ ገብቶ ኩባያውን ሰማያዊው ጀሪካን አፍ ላይ ሊያቀርብ ሲል እጁ ቆመ። የተለጠፈው ወረቀት በውሃና በእጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል፤ የራስ ቅሉ አገጭ ጠፍቶ ሁለቱ የዓይን ጉድጓዶች ብቻ ቀርተዋል፤ ከሥሩ «አሲድ» የሚለው ቃል ግን እንዳለ ነው። ስንት ጊዜ እዚህ ሥር አጎንብሶ ውሃ ጠጥቷል። ጀሪካኑን አንስቶ ደጅ አወጣና ዘቀዘቀው።

«ምን እያደረግክ ነው? ውሃው ነገ አይመጣም እኮ!» አለች ሚስቱ።

«ልመልሰው ነው።»

«ለማን?»

«ለአሲዱ።»

«አሲዱ ቤት የለውም?»

«እኛ ነን ያፈናቀልነው።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «ለእህትህ ከሆነ ውሰደው» አለችና ክዳኑን ፈልጋ አቀበለችው።

እቃ ቤቷ በር ላይ አስቀመጠው። ግራሶን «የእኔ ይኸው። ያንተስ?» አለው። ግራሶ ተነጫነጨ፣ ሚስቴ ትገድለኛለች አለ፣ ግን የአኳራጁን ጀሪካን አመጣ። የካፒቴኑ አልመጣም። መጀመሪያ «ውሃ ሞልተንበታል» አለ። ቀጥሎ «ክዳኑ ጠፍቷል»። ቀጥሎ ተቆጣ፤ «ጀሪካን ጀሪካን ትላላችሁ፣ በራሪ ወረቀት ተሰጥቶን የለም እንዴ?»

እህቱ ተሽሏት ተመለሰች። ግን አልወረደችም። ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። «በረኪናው ቤቱ ሲገባ እወርዳለሁ» አለች። ካፒቴኑ በእሷ ፈንታ ሰው ሊቀጥር ወደቡን አሰሰ፤ ግን ወደብ ወሬ ይወዳል፤ «ያቺ ሰው የምታስል ጀልባ?» እያሉ ፊት ነሱት።

ሽንት ቤቱ ሳይጸዳ ዋለ፤ ሳይጸዳ ሰነበተ። ጀልባዋ ገማች። ተሳፋሪው ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ ይሳደባል፤ ግራሶ ራሱን በሞተር ክፍሉ መውጫ አውጥቶ ይሠራል፤ ካፒቴኑ የራሱ አፍንጫ ላይ መሐረብ አስሮ መሪውን ይይዛል። መሰላሉ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ማንም ወርዶ የማንንም ጠርሙስ እንዳያፈስበት አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ። የሚሠራው ፊት የለም፤ የሚያስመስለው ነገር የለም። በዚያ ሁሉ ግማት መሐል እያንዳንዷን ትንፋሽ ተረጋግቶ የሚተነፍሰው እሱ ብቻ ነበር። አንዳንዴም ይተኛል።

እንዲህ እንዳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ በመሰላሉ ወረደ፤ በአንድ እጁ የራሱን አፍንጫ ጨብጦ፣ በአንድ እጁ ነጩን ጀሪካን አንጠልጥሎ።

«እዳ!» አለ። በታፈነ አፍንጫ «እንካ» ማለቱ ነው።

አፍንጫው ተቀብሎ ወጣ። ግራሶ ብጫ ብጤዎቹን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠብ እያደረገ ያልፈላውን «በረኪና» ብሎ ለየለት፤ ቀስ ብለው ወደ ጀሪካኑ መለሱት። አፍንጫው ጀሪካኑን ወስዶ እህቱ ፊት አስቀመጠው። እጁ ግን ከልማድ አልተላቀቀም፤ ክዳኑን ፈታና አፍንጫውን ሊያስጠጋ አጎነበሰ። እህቱ አየችው። ቀና አለና ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«ጋሼ፣ ምን ይላል ወረቀቱ? አንብብልኝ።»

በአውራ ጣቱ እየተከተለ አነበበ። «በረኪና። ከአሲድ ጋር አትቀላቅል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትጠቀም።»

«መድኃኒት አይልም?»

«አይልም።»

«እንግዲያው» አለች እህቱ በሻካራ ድምፅዋ፣ «አሁን ደግሞ የቀኙን ጓንት ይፈልጉልኝ»። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።